መቶ በመቶ ሲባል፦ የሕዝብ አስተያየት በምን ይለካል?

በጎጃም ደጋ፣ በቀድሞው የቢቸና አውራጃ የሚገኘው ዲማ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው በዲማ ጊዮርጊስ ደብር ሲሰጥ የኖረው የቅኔ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለድ የፊታውራሪ መሸሻ መኖሪያ ሆኖ መቀረጹ ነው። አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ቢሆንም፣ በውስጡ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅም ሌላ ታሪክ አለ።

ፊታውራሪ መሸሻ በግዛታቸው ያለው ባላገር ምን እንደሚያስብ የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር። ባላገሩ ደጃቸውን ይጠናል፤ ሲያያቸው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል? የሕዝቡን ብሶት በግልጽ የሚናገረው ጉዱ ካሳ እንደ እብድ ይቆጠር ስለ ነበር ቃሉ ከቁም ነገር አልተጻፈም። ባላገሩ የተጠየቀውን አልገብርም ብሎ በተነሣ ጊዜ ፊታውራሪው ሊቀጡት ዘመቱ፤ በአበጀ በለው በሚመራው ባላገርም እጅ ወድቀው ተማረኩ። ትናንት እጅ ሲነሣ የነበረውና ዛሬ ጠመንጃ ያነሣው አንድ ሕዝብ ነው። የተሳሳተው ሕዝቡ ሳይሆን ሕዝቡ የተለካበት መለኪያ ነበር።

ሕዝብ ምን ያስባል? ይህ ጥያቄ ከመንግሥት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በዚህ ዘመን መልሱ ብዙውን ጊዜ በአኃዝ ተለብጦ ይቀርባል። ከመቶ ይህን ያህሉ ደገፈ፣ ይህን ያህሉ ተቃወመ ይባላል። በሠፈር ማኅበርም ሆነ በፋብሪካ ስብሰባ፣ «አብዛኛው አባል ተስማምቷል» የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ስለዚህ አኃዙ እንዴት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደሚያታልል መረዳት የምሁራን ሥራ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሠራተኛና የሠፈር ነዋሪ ጉዳይ ነው።

«እረኛ ምን አለ?»

የአገራችን ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል። ይህ አባባል እንደ ተራ ወግ ሊታለፍ አይገባውም። በይዘቱ ሲመረመር የሕዝብን አስተያየት ለማወቅ የተፈጠረ ጥንታዊ ዘዴ ነው። ንጉሡ መኳንንቱን ሳይሆን እረኛውን የፈለገበት ምክንያት አለው። መኳንንቱ የሚናገሩት በስማቸውና በፊቱ ነው፤ ስለዚህ ይመዝናሉ፣ ይመርጣሉ፣ ይሸፍናሉ። የእረኛው ዜማ ግን ባለቤት የለውም። ከየትኛው ጋራ እንደ ተነሣ አይታወቅም፤ ለመጠየቂያ የሚያዝ ሰውም አይገኝለትም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ሥርዓት ውስጥ እውነት መውጫ ያገኘችው ስም በሌለው አንደበት ነበር።

ከዚህ የምንማረው መሠረታዊ ነጥብ፣ ተጠያቂው በመልሱ ምክንያት የማይጎዳ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ የልቡን ይናገራል የሚለው ነው። ዛሬ የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ የምንለው ሥርዓትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ የእረኛው ዜማ ጉድለት ነበረበት። ብሶት መኖሩን ይናገራል እንጂ ምን ያህል ሰው እንደሚጋራው አይቆጥርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣው የናሙና ጥናት ነው። በጎጃም ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ የዚህን ጥናት ሕግ ከማንም በላይ ያውቃል። ጆንያውን በሙሉ አይዘረግፍም፤ ነገር ግን ከላይ ያለውን እፍኝ አይቶ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን እስከ ሥር ከትቶ ከመካከልና ከታች ይዘግናል። ከላይ ነጩ ተደርቦ ከሥር ሠርገኛው ሊኖር እንደሚችል ያውቃልና ነው። የናሙና ጥናት ትክክለኛነትም በዋናነት የሚወሰነው እፍኙ በመብዛቱ ሳይሆን ከየትኛው የጆንያው ክፍል በመዘገኑ ነው።

ለዚህ የታወቀው ማስረጃ በ1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠየቂያ ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፉም ተነበየ። ጆርጅ ጋለፕ የተባሉት ባለሙያ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያላቸውን ሰዎች ከየኅብረተሰቡ ክፍል መርጠው ጠይቀው፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንደሚያሸንፉ አስታወቁ። ሩዝቬልት ከመቶ 61 ገደማ ድምፅ አግኝተው ከ48ቱ ክፍላተ አገር በ46ቱ አሸነፉ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአመዛኙ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ሥራ አጡና ድኻው ገበሬ ከጆንያው ሥር ቀርተው ነበር።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ወደ ጎጃም እንመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፋቸውን ካሳተሙ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ ጥንታዊውን አሥራት የሚተካ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ግብሩ በገቢ መጠን የሚከፈል ስለ ሆነ ከቀድሞው ይልቅ ፍትሐዊ ሊባል ይችል ነበር። ገማቾቹ ወደ ገጠር በወረዱ ጊዜ ግን በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው ተነሣ። ፊታውራሪ መሸሻ በልብ ወለድ የገጠማቸው ነገር በእውን ተደገመ።

ምክንያቱ ምን ነበር? የጎጃም ገበሬ ያስጨነቀው የግብሩ ልክ ብቻ አልነበረም። ርስቱ ነበር። መሬትና ሰብል የሚገመት ከሆነ ነገ ይለካል፤ ከተለካ ደግሞ ርስቱ ከእጁ ይወጣል የሚል ሥጋት ነበረው። ከጠላት ወረራ ማብቂያ በኋላ መሬት ለመለካት በተደረጉት ሙከራዎች ላይም ጎጃም ደጋግሞ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ምልክቱ አዲስ አልነበረም፤ የሚያነበው ሰው ግን ታጣ።

መንግሥት በመጀመሪያ ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። ቆይቶ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከጎጃም አነሣ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ፤ አዋጁም በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሠራበት ቀረ። በደምና በጥፋት የተገኘው ዕውቀት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ገበሬው ስለ ርስቱ ይሠጋል። ይህን ለማወቅ አንድ የጦር ክፍል አያስፈልግም ነበር። የሚሰማ ጆሮ በቂ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርት የጥያቄውን ምንነት የሚመለከት ነው። ያ ገበሬ «ከገቢህ ላይ ትንሽ ግብር ብትከፍል ትስማማለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ምናልባት አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጠያቂው የራሱን ጥያቄ ብቻ ይዞ ከመጣ፣ የሚያገኘው መልስ በቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ ለተጠያቂው ባዕድ ነው።

ሰማንያ አንድ በመቶ

ከአብዮቱ በኋላ ሕዝብን የመጠየቅ ሥራ ከዚያ በፊት ባልታየ ስፋት ተካሄደ። በ1978 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ወጥቶ ሕዝብ እንዲወያይበት ተደረገ። በወቅቱ በይፋ እንደ ተገለጸው፣ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሠራጭቷል፤ ውይይቱም ወደ 25 ሺህ በሚጠጉ ቦታዎች ተካሂዷል። በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየፋብሪካው ሕዝብ ተሰበሰበ። ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዜግነት መብትና ግዴታ ጥያቄ ቀረበ። ከአንድ በላይ ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በተለይ በሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ከውይይቱ በኋላ 95 ማሻሻያዎች መደረጋቸው ተነገረ።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። መምረጥ ከሚገባው ሕዝብ ከመቶ 96ቱ ድምፅ እንደ ሰጠ፣ ከሰጠውም ከመቶ 81ዱ ረቂቁን እንደ ደገፈ፣ ከመቶ 18ቱ ደግሞ እንደ ተቃወመ ተገለጸ። ጋዜጦችም አኃዙን እንደ መጨረሻ ፍርድ አድርገው አተሙት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስፋት በራሱ ጥራት አይደለም። ሰብሳቢው፣ ቃለ ጉባዔ ጸሐፊው፣ ስም መዝጋቢውና የስኳር ራሽን የሚያድለው አካል አንድ በሆነበት ቀበሌ ውስጥ እጅን ማውጣትና አለማውጣት አስተያየት መስጠት ብቻ አይደለም፤ ኑሮን መወሰን ነው። በዚያ ዘመን ከስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይጻፍ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አንባብያን ብዙ ናቸው። ሕዝቡ እንደ ዲማ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ለጉባዔው ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ አስቀመጠ።

ወርቁ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ማወጁን ተከትሎ፣ በጎጃምም ሆነ በሌሎች ክፍላተ አገር አብዛኞቹ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። በሬውና መሬቱ ተከፋፈለ፤ በመንደር ምሥረታ የተሰበሰበው ብዙ ገበሬም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ማንም ቅጽ አላስሞላውም፤ ማንም እጅህን አውጣ አላለውም። ገበሬው አስተያየቱን የሰጠው በእግሩ ነበር። ለዓመታት በየስብሰባው በጭብጨባ ሲጸድቅ የኖረው ጉዳይ እውነተኛ ድጋፉ ምን ያህል እንደ ነበረ በዚያ ጊዜ ታወቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወደቀ።

ሁለት ሰልፍ በአንድ አደባባይ

የተሳሳተ መለኪያ የአንድ ሥርዓት ብቻ በሽታ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ዘመቻ መጨረሻ፣ ሚያዝያ 29 ቀን ገዥው ፓርቲ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ታላቅ ሰልፍ አደረገ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 30 ቀን፣ በዚያው አደባባይ የተቃዋሚዎቹ ሰልፍ ተደረገ፤ አደባባዩም ሞልቶ ወደየመንገዱ ፈሰሰ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ከተማ ለሁለት ወገን ወጣ። ታዲያ የከተማው አስተያየት የትኛው ነበር?

መልሱን የሰጠው የምርጫው ኮሮጆ ነው። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሁሉ አሸነፈ፤ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን ወሰደ። የሚያዝያ 29ኙን ሕዝብ አይቶ የተጽናና ሰው ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰው ወደ ሰልፍ የሚወጣው በእምነት ሊሆን ይችላል፤ በትእዛዝ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ወይም ለማየት ጓጉቶ ሊሆንም ይችላል። ሰልፍ የማደራጀት ኃይልን ይለካል፤ አስተያየትን ግን አይለካም።

ከዚያ የተወሰደው ትምህርት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። መለኪያውን ከማስተካከል ይልቅ ውጤቱ ተስተካከለ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ። መቶ በመቶ ማለት ይህ ነው። ስድስት ወር ያህል እንዳለፈ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በጎንደርና በባሕር ዳር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ።

እንግዲህ ሁለቱን ዘመናት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በአንደኛው 81 በመቶ ተብሎ በአራት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ሥርዓቱ ወደቀ፤ በሁለተኛው መቶ በመቶ ተብሎ ዓመት ሳይሞላ ሕዝብ ተነሣ። የሐኪም ሙቀት መለኪያ ለታመመውም ለጤነኛውም አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ፣ «ሁሉም ደኅና ነው» አንልም። መለኪያው ተበላሽቷል እንላለን። የተበላሸ መለኪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በእሱ ተማምኖ የሚተኛውን ነው።

ፍርሃት በሌለበትስ?

አንዳንድ አንባቢ «ችግሩ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ፍርሃት ከተወገደ አኃዙ ይታመናል» ሊል ይችላል። የአውስትራሊያ ልምድ ጉዳዩ ከዚህ የሰፋ መሆኑን ያሳያል። በዚያች አገር በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረ መራጭ ይቀጣል። የአስተያየት ጥናትም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። ተጠያቂው የመሰለውን ቢናገር የሚደርስበት ነገር የለም።

ይሁንና በግንቦት 2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) በተደረገው ምርጫ ዋዜማ የወጡት ጥናቶች ሁሉ የሠራተኛ ፓርቲው በጥቂት እንደሚበልጥ ተናገሩ። ኮሮጆው ሲከፈት ግን የሊበራልና የናሽናል ፓርቲዎች ጥምረት ከመቶ 51.5 ለ48.5 አሸነፈ። የጥናት ድርጅቶቹ የሙያ ማኅበር ያስደረገው ምርመራ የደረሰበት ዋና ነጥብ፣ ለጥያቄ ከተገኙት ሰዎች መካከል የተሻለ የተማሩትና ፖለቲካን በቅርብ የሚከታተሉት ከቁጥራቸው በላይ ይበዙ ነበር የሚል ነው። ስልክ የሚያነሣና ስለ ፖለቲካ መናገር የሚወድ ሰው ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ከሚገባው በላይ መመሳሰሉም ጥርጣሬ አስነሥቶ ነበር።

ይህ ከእኛ የሠፈር ስብሰባ ምን ያህል ይርቃል? በየስብሰባው እጅ የሚያወጡትን ሰዎች እናውቃቸዋለን፤ ከፊት ወንበር የማይጠፉ ናቸው። በፈረቃ የምትሠራው ሠራተኛ፣ የቀን ሙያተኛው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ የተከራዩት ወጣቶች በዚያ የሉም። ቃለ ጉባዔው ግን «የሠፈሩ ነዋሪ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ብሎ ይዘጋል። በውይይቱ ውስጥ አንድም የሚፈራ ሰው ላይኖር ይችላል። ሆኖም የተዘገነው ከጆንያው አፍ ብቻ ነው።

«ማን የላከን ይመስልዎታል?»

በአገራችን በናሙና ላይ የተመሠረተ ሰፊ የአስተያየት ጥናት የተለመደ አይደለም። ከሚጠቀሱት አንዱ አፍሮባሮሜትር የተባለው በአፍሪካ አገሮች የሚካሄደው ጥናት ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2005 ዓ.ም. 2,400 ሰዎችን ጠየቀ፤ በ2012 እና በ2015 ዓ.ም.ም ተመልሷል። ከመላው አገሪቱ በአግባቡ የተመረጡ ይህን ያህል ሰዎች የሕዝቡን አስተያየት ከመቶ ሁለት ነጥብ ገደማ በማይበልጥ ስሕተት ሊያሳዩ እንደሚችሉ የስታትስቲክስ ሕግ ያረጋግጣል።

የመጀመሪያው ጥናት ውጤት ተመራማሪዎቹን አስደነቀ። ኢትዮጵያውያን ተጠያቂዎች የአገራቸውን ዴሞክራሲ የለኩበት ነጥብ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ጥናቱን የተነተኑት ሊቃውንት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ርእሱን ራሱን ጥያቄ አደረጉት፦ መልሱ ከፍርሃት የመጣ ነው? ካለማወቅ? ወይስ ለዴሞክራሲ ከተሰጠ የተለየ ትርጉም?

ይህን ለመመርመር ያስቻላቸው በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ የሚቀርብ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህን እንድንጠይቅ ማን የላከን ይመስልዎታል? መዝገብ ይዞ በር የሚያንኳኳን ሰው «መንግሥት የላከው ነው» ብሎ የሚያምን ተጠያቂ፣ የሚመልሰው ለጠያቂው ሳይሆን ለላኪው ነው። በዚህች አንዲት ጥያቄ መለኪያው ራሱን ይለካል። ጥሩ ጥናት የሚባለው የራሱን ድክመት ፈልጎ የሚያገኝ ነው። የ1979ኙም ሆነ የ2007ቱ አኃዝ ግን «የነገራችሁን ሰዎች ፈርተው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ክፍል አልነበራቸውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ አኃዝን መናቅ አይደለም። በአግባቡ የተሠራ የአስተያየት ጥናት ድምፁ ከፍ ብሎ የማይሰማውን ሰው ይቆጥራል፤ ጉዱ ካሳን ከእብድ ተርታ አውጥቶ ከመቶ ስንቱ እንደሚጋራው ያሳያል። የእረኛው ዜማ ያላገኘውን ልክ ይሰጠዋል። መናቅ የሚገባው ያልተመረመረ አኃዝ ነው።

ስለዚህ የሠፈር ማኅበር አባልም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «ሕዝቡ ይህን ይላል» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር አራት ጥያቄዎችን ከአፉ ሊያጠፋ አይገባም። አንደኛ፣ ማን ጠየቀ? ላኪውስ ማን ነው? ሁለተኛ፣ እነማን ተጠየቁ? ከጆንያው አፍ ናቸው ወይስ ከሥሩም? ሦስተኛ፣ የተጠየቀው የሕዝቡ ጥያቄ ነው ወይስ የጠያቂው? አራተኛና ዋነኛው፣ ተጠያቂው «አይ» ቢል ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር? አራተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሌለው የሌሎቹ ሦስቱ መልስ አይጠቅምም። «አይ» ማለት በማይቻልበት ቦታ የተባለ «አዎን» ትርጉም የለውም።

ይህን ከታላቁ ምርጫ አስቀድመን በትንሹ ልንጀምረው እንችላለን። ስለ ውኃ መስመር ወይም ስለ መንገድ መዋጮ በሠፈር ሲመከር፣ እጅ ከማስወጣት ይልቅ ስም የሌለው ወረቀት በሣጥን ይሰብሰብ። ወደ ስብሰባው መምጣት ያልቻሉት ቤት ለቤት ይጠየቁ። የሚጠይቃቸውም መዋጮውን የሚሰበስበው ሰው አይሁን። ውጤቱ ሰብሳቢውን ቢያሳፍርም ይነበብ። ሰብሳቢው ያን ቀን ያፍር ይሆናል፤ ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር የተዋወቁበትን መንገድ አይሄድም።

በዲማ ቅኔ ሲዘረፍ መምህሩ ሰሙን ሰምቶ አያበቃም፤ ወርቁን ፈልግ ይላል። ሕዝብን የሚያስተዳድር፣ የሚያደራጅ፣ ስለ ሕዝብም የሚጽፍ ሁሉ በጭብጨባው፣ በሰልፉና በአኃዙ ፊት ይህንኑ ማድረግ ይጠበቅበታል። ወርቁን በጊዜው ያልፈለገ፣ ሕዝቡ ራሱ አውጥቶ ባሳየው ቀን ይደነግጣል።